የሁስና ፍሪጅ

«ቀስ! እግሬን!» አለች ዘሊካ። ሁስና ከወዲያ ትገፋለች፣ እሷ ከወዲህ ትስባለች። ፍሪጁ በግቢው መሀል እንደ እምቢተኛ በሬ ተገትሮ ንቅንቅ አልል ብሏል።

«ያላ ዘሊካ፣ ዱቄት የሚያድሉት የለጅናው ሰዎች ጎረቤት ገብተዋል!» ሁስና ላቧን በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ጠረገች። «ፍሪጅ ካዩ ዱቄቱን ይነፍጉኛል። አንቺን ማን ይመረምርሻል? ሐበሻ ነሽ።»

«ታዲያ በጠራራ ፀሐይ፣ የዴም ሰፈር ሁሉ እያየን? ማታ ብናደርገው ምን ነበረበት?»

ሁስና እንዳልሰማ ሰው ገፋች።

መንግሥት ኮሮና ያናጋውን ኑሮ በዱቄትና በዘይት ጠግኜ አነሳለሁ እያለ በሬዲዮ ሲምል ሰንብቷል። ሁስና የባሏ ሚኒባስ ከቆመ ወዲህ «አገር በዱቄት ይለሰናል?» እያለች ስትስቅ ከርማ፣ ዛሬ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የተነሳችው እሷው ናት።

ዘሊካም ያልነገረቻት ነገር አለ። ዱቄት አዳዩ ሙስዐብ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «እመቤትሽ በሽታውን ፈርታ ካሰናበተችሽ ወዲህ ከስተሻል። ለሐበሻ የተፈቀደ ባይኖርም ከራሴ ድርሻ ከፍዬ አመጣልሻለሁ» ብሏታል። ሌሊቱን ያን ዱቄት በሐሳቧ ስታቦካ ስትጋግር ነው ያደረችው። አሁን ይሄ መዘዘኛ ፍሪጅ ክፍሏን ሞልቶት ቁጭ! እምቢ እንዳትል ይሉኝታ ያዛት። ትኩሳት የጣላት ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሸሻት ሾርባ ይዛ የገባችው ሁስና ናት። «ፍሪጅ ያላት ሰው ከደሃ ጋር ለዱቄት ትሻማለች!» አለች ዘሊካ በልቧ።

ብዙም ሳይቆይ ሙስዐብ መጥቶ ለሁስና የዱቄት ከረጢቷን ሰጠና ወደ ዘሊካ በር ዞረ። ሌላ ትንሽ ከረጢት በብብቱ ይዟል። ሊያቀብላት እጁን ሲዘረጋ ዓይኑ ፍሪጁ ላይ አረፈ።

«የማነው?»

ሁስና ከኋላው ቆማ፣ ቶቧን አፏ ላይ ይዛ በዓይኗ ትለምናለች።

«የኔ» አለች ዘሊካ።

ከረጢቱ ወደ ብብቱ ተመለሰ። «ማሻአላህ» አለ፤ አስተያየቱ ግን አጭበርባሪን እንደሚያዩት ነበር። «እንግዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አጠጪኝ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነኝ።»

«ዘሊካ፣ ተዪ!» አለች ሁስና።

ዘሊካ ግን ከፍታዋለች።

መብራት አልበራም፤ ቅዝቃዜም አልወጣም። መደርደሪያው ላይ የሁስና ልጆች ልብስ በሥርዓት ታጥፎ ተደርድሯል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ያልተለበሱ ዩኒፎርሞች፣ የተጠቀለሉ ካልሲዎች፣ ከሥር ደግሞ የባሏ ሸሚዝ። ሁስና ለእንግዳ ሁልጊዜ ውሃ ከእንስራ የምትቀዳው ለምን እንደሆነ ዘሊካ ያን ጊዜ ገባት።

ሙስዐብ እጁን ሰድዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ገና አልቀዘቀዘም» አለ። ከረጢቱን ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።

የዘሊካ ፊት ነደደ። ዱቄቷን ያገኘችው የሁስናን ገበና ገልጣ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ካልሠራ ታዲያ ምን ብለሽ ደበቅሽው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቢያዩትስ ምን ይሉሽ ነበር?»

ሁስና መሬት መሬቱን አየች። «ጎረቤት ስሸከም ይየኝ ብዬ ነው። ሁስና ዛሬም የምትደብቀው ነገር አላት ይበሉ ብዬ።»

ዘሊካ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ፍሪጁን ወደ ሁስና ቤት ልትመልስ በአንድ ጫፍ ያዘች። ሁስናም በዚያኛው ያዘች። ደፉ ላይ ያለውን ዱቄት ተሻግረው ግቢው መሀል ሲደርሱ፣ በአጥሩ ላይ የጎረቤት ራሶች ብቅ ብቅ አሉ።

ዘሊካ ፊቷ እንደነደደ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች፦

«ቀስ በይ ሁስና! ወተቱ ይደፋል!»