የቁልቁለቱ ቅቤ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ቅቤ የጫነው መኪና ቁልቁለቱ ላይ የተገለበጠው በስስት ነው። ነጋዴው በቅቤው ቆርቆሮ ላይ ገበያተኛውን እንደ ነዶ ከመረበት። ሾፌሩ «ፍሬኑ አይችልም» ቢለው «ዝም ብለህ ንዳ!» አለው። መኪናው ሰዉን ከቅቤው ጋር ደፈጠጠው። ያገሬ ሰው ደግሞ ሬሳው ሳይነሣ ቅቤውን በእፍኙ ዛቀ።

የባሌ እህት አበራሽ ከዚያው ቅቤ አንድ ቅል ሙሉ ይዛ መጣች። ልጄ ውባለም በማግሥቱ ሙሽራ ናት፤ ጠጉሯ ቅቤ ይፈልጋል፤ የኔ ላም ነጥፋብኛለች።

«የሰው ደም የነካውን በልጄ ራስ ላይ አላስቀባም» አልኳት።

«አይ እቴ! አጥቤዋለሁ። ደረቅ ራስ ይዛ አማቶቿ ፊት ትቁም ነው የምትይ?»

ውኃ ቀድቼ ስመለስ የልጄን አናት ቀብታዋለች። በሩ ላይ ቆሜ ሰደብኳት። እሷ ምን ገዷት፤ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ከቅሉ ውስጥ ጠጉር ትለቅማለች።

«የላም ነው» አለችኝ።

የላም ጠጉር እንዲያ አይረዝምም። ብትስበው ብትስበው አላልቅ አላት። በሁለት እጇ ጠቅልላ ጎተተችው።

ውባለም ጀርባዋን ሰጥታት መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ኧረ ቀስ በይ አክስቴ!» አለች። «አትጎትቺኝ!»

አጠገቧ ማንም አልነበረም። ራሷ ግን ወደ ኋላ ተቀለበሰ።