መሄጃ ብቻ

«መሄጃ ብቻ!» አለች ፋርቱን፣ ግማሽ አካሏን በትኬት ቤታችን በር አስገብታ። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ዐያንሌ ከሺሬ ትኬት ቤት ለራሱም ለዐናብም ወደ ዱባይ ቆረጠ። መመለሻ የለውም!» ይህን ብላ ጨርቋን ልትሸጥ ሄደች፣ እኛን እሳት ላይ ጥዳ።

ኸሊፍ መልስ አልሰጣትም። ዐናብ እህቱ ናት፣ ዐያንሌ ደግሞ ባሏ። አለቃዬን ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሲናደድ ይጮኻል፣ ዝም የሚለው ሲፈራ ነው። የቀረበለት ሻይ ሳይነካ ዝንብ ገባበት።

ቢፈራ አይፈረድበትም። ታናሽ እህቱ ሳብሪን «ለሁለት ወር» ብላ ስዊድን ከሄደች ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ያኔም መሄጃ ብቻ ነበር፤ የቆረጠላትም ራሱ ኸሊፍ ነው፣ አሁን በተቀመጠባት ወንበር ላይ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ወይዘሮ ሀምዲያ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም። እዚህ የቀረችላቸው ሴት ልጅ ዐናብ ብቻ ናት።

ጅግጅጋ ውስጥ ደግሞ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ፋርቱን ገና መንገዱን ሳትሻገር ወይዘሮ ሀምዲያ ደወሉ። ልቅሷቸው ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሆዮ፣ እናቴ፣ ተረጋጊ» ይላል ኸሊፍ። «ሆዮ፣ እጠይቀዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

ስልኩን ሲዘጋ ዐያንሌ ራሱ ከች አለ። ያውም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ብሎ። ምነው ዛሬን እንኳ ባትስቅ፣ አልኩ በሆዴ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰይዲ!»

የሚስት ወንድምና የእህት ባል እዚህ እንዲህ ነው የሚጠራሩት፤ ሰይዲ፣ ሰይዲ ይባባላሉ። በእኛ ከተማ ሰይዲን ከማስቀየም ግብር ሰብሳቢን ማስቀየም ይሻላል። ኸሊፍ ሰላምታውን በአፉ ውስጥ መለሰ፤ ሰይዲ ግን አላለውም።

«ልትሰናበተኝ መጣህ?»

«የምን ስንብት?»

«እህቴን የት ነው የምትወስዳት?»

«ዱባይ ነዋ! ዐረፋን እዚህ አርደን፣ ከእናታችን ጋር በልተን፣ በማግስቱ እንሄዳለን። ከተጋባን አንድ ቀን ለሽርሽር ወስጃት አላውቅም። ባሕር ማየት አማረኝ ትላለች።»

«ባሕር ከሆነ በርበራ አለላት!» ብሎ ኸሊፍ ጠረጴዛውን ደበደበው። ተመስገን፣ ጮኸ። «በርበራ ሄዶ የቀረ ሰው የለም! መመለሻው የታለ?»

«ገና አልቆረጥኩም።»

«ለምን?»

ዐያንሌ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መልሶ እሱን አየ። የምሩን ግራ ገብቶት ነበር።

«አንተ መች ሸጥክልኝና?»

ኸሊፍ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አፈጠጠበት። እኔ ግን ወዲያው ገባኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሺሬ የዐያንሌ እናት ወንድም ነው፤ ትኬት ቤቱም ከእኛ ፊት ለፊት ነው። እሱ የሚሸጠው በአዲስ አበባ በኩል የሚሄደውን አውሮፕላን ትኬት ነው። እኛ የምንሸጠው ሀርጌሳ የሚያርፈውን የሌላ አየር መንገድ ነው።

«ሁለቱንም ካንተ ብገዛ አጎቴ ዕድሜ ልኩን ያኮርፈኛል» አለ ዐያንሌ። «ሁለቱንም ከሱ ብገዛ አንተ... ይኸው፣ አሁን የሆንከውን ትሆናለህ። ስለዚህ መሄጃውን ከሱ፣ መመለሻውን ካንተ። ሀርጌሳ እንወርድና በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል በመኪና እንገባለን።»

የኸሊፍ ትከሻ ወረደ። የያዘውን ትንፋሽ ሁሉ አሁን ገና ለቀቀው። ግን ኸሊፍ ምን ቢሆን ኸሊፍ ነው።

«ታዲያ መሄጃው ለምን ለሺሬ ሆነ? መጀመሪያ እሱ፣ እኔ ተከታይ?»

አበስኩ ገበርኩ! ይሄ ሰውዬ ዛሬ ሽማግሌ ሊያስጠራን ነው እንዴ?

ዐያንሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አልመረጥኩም። የመረጠችው ዐናብ ናት። ‹የሚወስደኝ ማንም ይሁን፣ መመለሻዬ ግን ወንድሜ ጋ ይሁን› አለች።»

ኸሊፍ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ደግሞ ጠረገው። ምንም የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። እኔም ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ፤ ደስታዬ እልል ሊያሰኘኝ ምንም አልቀረው።

«ጥሩአየሁ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ፣ መነጽሩን መልሶ እያጠለቀ። «ቁረጪ እንጂ! ከዱባይ ሀርጌሳ፣ ለሁለት ሰው። ለዐናብ መስኮት አጠገብ። ለሰይዲም ሻይ ይምጣለት። የኔንም ቀይሩልኝ፣ ዝንብ ገብቶበታል።» ወደ ዐያንሌ ዞረ። «መኪና ደግሞ እንዳትከራዩ። ሀርጌሳ ድረስ እኔው መጥቼ ነው የምቀበላችሁ።»

ትኬቱ ታትሞ ሲወጣ ዐያንሌ እጁን ዘረጋ። ኸሊፍ ቀድሞ አነሳው፤ የእህቱን ስም አየ፣ ቀኑን አየ፣ በጥንቃቄ አጠፈና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሰይዲ፣ ትኬቱ እኮ የሚያስፈልገኝ ዱባይ ነው» አለ ዐያንሌ።

«ነገ ትወስደዋለህ» አለ ኸሊፍ፣ ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ በሩ እየሄደ። «ዛሬ እናቴ ጋ ይደር።»