ሰርክአዲስ የጻፈችው ጨዋታ

እሑድ ከሰዓት እንጅባራ፣ ጓደኛችን ይኸነው ቤት ተሰብስበን ጓደኛችን ሰርክአዲስ ራሷ የጻፈችውን አስፈሪ ጨዋታ እንጫወታለን። እሷ ትተርካለች፣ እኛ ዳይስ እንጥላለን፤ ስድስት የመጣለት ሰው የተናገረው ነገር በታሪኩ ውስጥ ይፈጸማል።

«ፈረሱን ሊያጠጣ ዘንገና ሐይቅ ወርዶ የሰመጠ ጎረምሳ አለ» ስትል ደሜ ፈላ።

«ሬሳው እንኳ ያልተገኘውን ወንድሜን፣ ሀብቱን፣ መጫወቻ ታደርጊዋለሽ? አሁኑኑ ከዚያ ሐይቅ አውጪልኝ!» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ዳይስ ተንከባሎ ስድስት ላይ ቆመ።

«እሺ፣ በቃ ወጣ» አለች ሰርክአዲስ። «ወደ ቤቱም ሄደ።»

ወዲያው ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ልጄ፣ ሀብቱ መጥቷል። ከልብሱ ውሃ ይንጠባጠባል። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፤ ‹ማነው ያወጣኝ?› ይለኛል። ምን ልበለው?»