የብቻ ሳህን

ሶልያና ከትሪው ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና የራሷን ሳህን ይዛ ተመለሰች። በእንጀራው ላይ ምስር ወጥና ጎመን ተቆልሎበታል፤ ዳር ዳሩን የተቀቀለ ድንች ከቦታል። በሩጫ ክለቡ የምሳ ክፍል ውስጥ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ከአንድ ትሪ ሲበሉ ለከረሙ ልጆች የብቻ ሳህን የኩርፊያ ያህል ነበር።

«ተጣልተናል እንዴ?» አለች ሮማን። «ደግሞ ጴንጤ ሆነሽ ምን ያስጾምሻል?»

ቀልዱ የቆየ ነው። ጾም እንዳልሆነ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋም ወተትም እንቁላልም በጉሮሮዋ ወርዶ እንደማያውቅ ሶልያና ደጋግማ ነግራቸዋለች። እነሱም ይስቃሉ፤ እየሳቁም ምስሩን አፍ ማጣፈጫ አድርገው ይጨርሱታል። ለእሷ የሚተርፋት የሥጋው ወገን ነው። ሰው ፊት መስገብገብ ነውር መሆኑን እየሰማች ያደገች ናትና «ጠገብኩ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሐይቁ ዳር እስካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሮጠው ሲደርሱ ሌሎቹ የዓሣ ሾርባ ጠጡ፤ እሷ ሻይ ብቻ ጠጥታ ተመለሰች።

ባለፈው ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ ጉልበቷ ከድቷት ወደቀች። አሰልጣኝ ግዛቸው ያን ዕለት «ሣር በልቶ የሚሮጥ ፈረስ ብቻ ነው» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ነገ ጠዋት እንደገና ትሮጣለች፤ ካልተሳካላት ከክለቡ ትሰናበታለች።

«ወደ ትሪሽ ተመለሺ» አሉ አሰልጣኙ ከማዶ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

ሶልያና ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አልተቀመጠችም።

«ኮች፣ የጎደለኝ ሥጋ አይደለም፤ ምግብ ነው። ከዚያ ትሪ ጠግቤ ተነሥቼ አላውቅም። ነገ ብወድቅም እርስዎ ፊት ጠግቤ ልውደቅ።»

አሰልጣኙ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ግን ትሪው ላይ አረፈ። የምስሩ ቦታ ተጠርጎ ቀይ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ሥጋው ገና አልተጋመሰም። ውኃቸውን አነሡ።

ሶልያና ተቀመጠች። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰችና ሳትቸኩል አኘከች። ሌሎቹም ወደ ምግባቸው ተመለሱ፤ ወሬው ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ሮማን ስለ ነገው ማጣሪያ እያወራች፣ ልብ ሳትለው፣ እንጀራ ቆርሳ እንደለመደችው እጇን ወደ ምስሩ ዘረጋች።

ሶልያና ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳበችው።