የሂራም ዶው ሸሚዝ

ሂራም ዶው ሸሚዙን አያወልቅም። ሐምሌ ላይ ድርቆሽ ስናጭድ፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እስከ ወገቡ ተራቁቶ፣ እሱ ብቻ እስከ አንገቱ ቆልፎ በላብ ይጠመቃል። መጀመሪያ ሳቅንበት። «ምነው ሂራም፣ ጡት አለህ እንዴ?» ይሉት ነበር ጎረምሶቹ። ኋላ ኬዚያ ፑሪንግተን ምክንያቱን ስትነግረን የምንገባበት ጠፋን።

«አንዶቨር መርከብ ላይ ነው ያገለገለው» አለችን። «ስለ አንዶቨር ያልሰማ ሰው አለ?»

ያልሰማ አልነበረም። የመርከበኞቿን ጀርባ በጅራፍ በመተልተል ስሟ የወጣ የባሕር ኃይሉ የጦር መርከብ ናት፤ አጥንቷ የተሠራው ከእኛው ከኬኔቤክ ወንዝ ዳር በተቆረጠ የኦክ ዛፍ ነው። የኬዚያም ወንድም ሩፎስ በእሷ ተሳፍሮ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል።

ሂራም ከአራት ዓመት በፊት የሩፎስን ሣጥን ተሸክሞ ባሏ በሞተባት በኬዚያ በር ላይ ቆመ። ሣጥኑን አስረክቦ እንደ መሄድ እንጨት ፈለጠላት፣ ጣራዋን ጠገነላት፣ በዚያው ቀረ። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሬ ሲነዳ እንኳ ጅራፍ በእጁ አይነካም፤ በአፉ እየለመነ ነው የሚነዳው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አልን፣ አዘንንለት።

በዚያ ዓመት የበረዶው ወራት ሲገባ መርከቧ አርጅታ ለማገዶ መሸጧ ተሰማ። መምህራችን አሞስ ትሪፕ «ታሪኳ ከእሷ ጋር አይቃጠልም» ብሎ የአገልግሎት ታሪኳን መጻፍ ጀመረ። የት የት እንደ ሄደች፣ ብራዚል፣ ፔሩ፣ ባሪያ ነጋዴ ስታሳድድ አፍሪካ ዳርቻ ላይ ስንት ሰው በወባ እንደ ሞተባት፣ ሁሉን ለቀመ። የሩፎስን የመጨረሻ ደብዳቤም ፍለጋ ኬዚያ ቤት መጣ፤ እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ካፒቴናችን ጅራፍ ካላየ ቁርስ አይወርድለትም። ከወጥ ቤቱ እስከ አናጢው፣ ከገራፊው በቀር፣ ጀርባው ደህና የሆነ ሰው እዚህ የለም። እኔ ገና ስድስት ብቻ ነው የቀመስኩት። እህቴ፣ ካልሲ ላኪልኝ።»

ኬዚያ በልብሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ካልሲው ሳይደርስ የካፒቴኑ ብራንዲ ጠርሙስ ተሰረቀ፤ በሩፎስ ተላከከ፤ ስልሳ ተገርፎ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«ለመሆኑ ጠርሙሱን የወሰደው ማን ነበር?» አለ አሞስ ወደ ሂራም ዞሮ።

የሂራም ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ አሞስ ሱቅ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌባው እሱ ነው» አለን። «ሰው በሱ ጥፋት ሞቶ፣ እሱ የሟቹን እህት እንጀራ ይበላል!» እንዴት እስከዛሬ አልጠረጠርንም ብለን ገረመን። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነፈግነው።

ወሬው ኬዚያ ጆሮ ገባ። ዙሪያ ጥምጥም የማታውቅ ሴት ናት፤ ከብቶቹ በረት ውስጥ አገኘችው።

«ሂራም፣ ጠርሙሱን የሰረቅከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ወንድምሽም አልሰረቀም።»

«ታዲያ እንዲህ የሚያሸማቅቅህ ምንድን ነው?»

ሂራም ድርቆሽ አንሥቶ ለላሟ ጨመረላት።

«ስማኝ፤ ብትሰርቅም ይቅር ብዬሃለሁ። ሩፎስን የበላው ጅራፍ አንተም ላይ አርፏል። በረዶው ሲቀልጥ እንጋባ።»

«ኬዚያ፣ እኔ ላንቺ የምገባ ሰው አይደለሁም።»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ሂራም ላሟ አንገት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሺም እምቢም አላለም። ኬዚያ ግን ለሠርጉ ጨርቅ መረጠች፤ ለጀርባውም ከሰም ቅባት አንጥራ በማሰሮ አስቀመጠች። «ጠባሳ ብርድ ሲሆን ይቆረጥማል፤ እሱ ደግሞ አፉን አውጥቶ አይናገርም» ትላለች።

የካቲት ላይ ከረጋው ወንዝ ለሽያጭ በረዶ ስንቆርጥ፣ በረዶው ከሂራምና ከሚነዳው በሬ ሥር ተሰነጠቀ። በሬው ዳነ፤ ሂራምን በመንጠቆ ጎትተን ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ተሸክመን ኬዚያ ምድጃ ፊት አስተኛነው። ሸሚዙ ላዩ ላይ እንደ ጣውላ ደርቋል።

«አውልቁለት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ ጮኸች።

ሂራም ኮሌታውን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ተይኝ ኬዚያ። ልሙት፣ ተይኝ።»

«ዝም በል! ከኔ ምን ያሳፍርሃል? ለሩፎስ ያልደረሰ እጄ ላንተ ይድረስ።»

አሞስና እኔ እጆቹን ያዝን። ጠርሙሱን አስታወስኩና ፊቱን ማየት አፈርኩ፤ ሌባም ቢሆን ይህን ያህል መማፀን አልነበረበትም። ኬዚያ የቅባቱን ማሰሮ ከፍታ አጠገቧ አኖረች፣ በግንባሩ ደፍታው የበግ መሸለቻዋን መቀስ ከኮሌታው ሥር ሰደደች።

ሸሚዙ እስከ ወገቡ ለሁለት ተከፈለ፤ የሂራም ዶው ጀርባ እንደ ሕፃን ጀርባ ለስላሳ ነበር፣ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።