ያልተመለሰው ካፖርት

ይህች ልጅ ሰዉን ሁሉ ስታለብስ ኖራ፣ ዛሬ እሷ ምን ለብሳ ልትወጣ ነው? አያቷ ካውያውን እንደያዙ አሰቡ። የልጅ ልጃቸው ድርጅቷን የጀመረችው በእሳቸው አልጋ ላይ ነበር። የደንበኛዋን ልክና አመል ጠይቃ ልብስ ትመርጥና በካርቶን ትልካለች፤ ደንበኛዋ የወደደችውን አስቀርታ ሌላውን ትመልሳለች። የተመለሰውን አያት አሽትተው ይተኩሱታል። እየቆየ የሚመለሰው ከሚቀረው በዛና ከሰረች፤ ይኸው ዛሬ ድርጅቱን ለገዢዎች ልታስረክብ ነው።

አያት እንደ ደንበኛ ወግ ሦስት ቀሚስ በካርቶን አጣጥፈው አቀረቡላት።

«ያልወደድሽውን መልሺ፤ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

«ተይኝ እማምዬ፣ በሹራቤ እሄዳለሁ።»

«በሱማ ስታለቅሺ ያደርሽ ይመስላቸዋል።»

«ታዲያ ምን ሳደርግ አደርኩ?»

ልጅቷ ሦስቱንም ወደ ካርቶኑ መለሰችና ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የአያቷን ግራጫ ካፖርት አወረደች። የመጀመሪያ ደንበኛዋ እሳቸው ነበሩ፤ ይህንንም የመረጠችላቸው ያኔ ነው። እጅጌው ቢረዝምባቸውም እንዳይከፋት ብለው ሳይመልሱት፣ እስከ ዛሬ ጠቅልለው ለብሰውታል። ልጅቷ ካፖርቱን ለብሳ የተጠቀለለውን እጅጌ ቀስ ብላ ዘረጋችው። ልክ የእጇ አንጓ ላይ ቆመ። ዞር ብላ አያቷን አየቻቸው፤ ከዚያም በሩን ከፍታ ወጣች።