ማን ቀመሰው?

የታክሲ ሾፌሯ ደብሪቱ የሚካኤል ማኅበር ደርሷት ለማኅበርተኞቹ ጠላ ቀዳች። ማንም ብርጭቆውን አላነሳም። ቀጂዋ መቼ ቀመሰችላቸውና!

መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ትንፋሽ አሽታች መሣሪያ አለ፤ ባለፈቃዱ መጠጥ በቀመሰ ቁጥር ፖሊስ ይጠራል። የፖሊሶቹ ቤት ብቻ አልተተከለበትም።

«የመጣው ይምጣ!» አለችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። መሣሪያው ጮኸ፤ እንግዶቹም ደስ ብሏቸው ጠጡ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ፖሊስ ሳያንኳኳ ገባ።

«ጠጥተው ሊያሽከረክሩ ነው። ይነሱ፣ ጣቢያ እንሂድ!»

«በምን ላሽከርክር? መኪናዬ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከቆመ ወር አልፎታል።»

«ሕጉ ሞተር አይጠይቅም፤ ሊያሽከረክሩ ይችላሉ። የሰው ቃል ደግሞ አይታመንም።»

ደብሪቱ ፈገግ አለች። በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳችለትና እንደ ማንኛውም እንግዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችለት። መሣሪያው እንደገና ጮኸ።

«እንካ ልጄ» አለች ብርጭቆውን እየዘረጋችለት፤ «እኔ ቀምሼ የምሰጥህ እንድታምነኝ ነው። ይህን ሕግ ስትሰጡንስ ከእናንተ ማን ቀመሰው?»